ከአበባው ሥር የወጣው ቆርቆሮ

(ሰንጋ ተራ፣ ከባንክ ፎቆቹ መሃል፣ ከምሳ በኋላ። የጸጉር ቤት ባለቤቷ የሺመቤት፣ በሯ ላይ ካለው የአበባ ማስቀመጫ ሥር እጁን ሲሰድ የደረሰችበትን ወጣት፣ ምንተስኖትን፣ ስልኩን ቀምታ አቁማዋለች።)

ምንተስኖት፦ ስልኬን ይስጡኝ፣ እትዬ! አልሰረቅኩም አልኩዎት እኮ!

የሺመቤት፦ ሌባ ብትሆን በስንት ጣዕሙ! ለሌባ ዘበኛ እጠራለታለሁ። ማን ላከህ?

ምንተስኖት፦ ማንም አልላከኝም።

የሺመቤት፦ ታዲያ ከአበባዬ ሥር ምን ስትዳብስ ነበር? ውሃ ልታጠጣልኝ?

ምንተስኖት፦ አንድ ዕቃ ነበረኝ። እዚያ ሥር ለጥፌው… ትንሽ ነገር ናት፣ ምንም የማትረባ።

የሺመቤት፦ የከረሜላ ቆርቆሮ። በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ። ጀርባው ላይ ማግኔት ያለው።

ምንተስኖት፦ አዎ! እሱ ነው! እርስዎ ጋ ነው ያለው?

የሺመቤት፦ እሰይ! እግዚአብሔር ራሱ በጆሮህ ጎትቶ አመጣህ። በገዛ አፉ አመነ!

ምንተስኖት፦ ምኑን ነው ያመንኩት?

የሺመቤት፦ መተቱን!

ምንተስኖት፦ መተት? ኧረ እትዬ፣ አያስቁኝ።

የሺመቤት፦ ሳቅ፣ ግዴለህም ሳቅ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜ ቤት ሽማግሌ ይቀመጣል። ይህን ቆርቆሮ ፊታቸው አስቀምጠዋለሁ። ወንድሜም "እውነት ከሆነ ሚስቴን ልብሷን አስይዤ እሸኛታለሁ" ብሎ ምሏል። ሁለት ልጆች አሏቸው። እስቲ አሁን ሳቅ።

ምንተስኖት፦ የወንድምዎን ሚስት ደግሞ ከእኔ ቆርቆሮ ጋር ምን አገናኛት?

የሺመቤት፦ ስመኝ እዚሁ ከእኔ ጋር ነበር የምትሠራው። ሙያውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ደንበኛው ሁሉ "ስመኝ ትሥራኝ፣ ስመኝ ትሥራኝ" ሲላት ቤቱን ለብቻዋ መጠቅለል አማራት። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ራሴን ለሁለት ይከፍለኛል፣ ሰው በሬን ረግጦ አይገባም። አንድ ቀን አበባውን አንስቼ ሳጸዳ፣ ከሥሩ ምን ወጣ? ያንተ ቆርቆሮ!

ምንተስኖት፦ ሰው ያልገባው መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ይሆናላ። እኔም በጣውላ ተሻግሬ ነው ያለፍኩት።

የሺመቤት፦ አንተ አፍ አለህ!

ምንተስኖት፦ እትዬ፣ ይስሙኝ። ጨዋታ ነው።

የሺመቤት፦ ምን አልክ?

ምንተስኖት፦ ጨዋታ ነው አልኩ።

የሺመቤት፦ እሷም ያለችኝ ይህንኑ ነው! "ጨዋታ ነው፣ እትዬ የሺ"! አንድ ቦታ ነው ያጠናችሁት ማለት ነው።

ምንተስኖት፦ አንድ ነገር ስለሆነ ነው አንድ ዓይነት የሆነው! ጂኦካሺንግ ይባላል። ድብብቆሽ ነው፣ የዕቃ ድብብቆሽ። አንዱ ይደብቃል፣ ቦታውን ኢንተርኔት ላይ ይጥላል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ይመጣል፣ ይፈልጋል፣ ሲያገኘው ወረቀቱ ላይ ስሙን ጽፎ መልሶ እዚያው ይደብቀዋል።

የሺመቤት፦ ከዚያስ? ምን ይሰጡታል?

ምንተስኖት፦ ምንም።

የሺመቤት፦ ምንም ለሌለው ነገር ነው ትልቅ ሰው የሰው አበባ ሥር የሚርመጠመጠው?

ምንተስኖት፦ ኳስ የሚያየውስ ምን ይሰጡታል?

የሺመቤት፦ ቀይ ክርስ? ወረቀቱ በቀይ ክር ታስሮ፣ ሦስቴ ተቋጥሮ ነው ያገኘሁት። እሱም ድብብቆሽ ነው?

ምንተስኖት፦ እንዳይፈታ ነው ያሰርኩት። ቤት ውስጥ ያገኘሁት ክር ቀይ ሆነ፣ ምን ላድርግ?

የሺመቤት፦ ጸጉርም ተጣብቆበት ነበር! የሰው ጸጉር!

ምንተስኖት፦ ጸጉር ቤት በር ላይ የተለጠፈ ፕላስተር እኮ ነው! ምን እንዲጣበቅበት ፈልገው ነበር?

የሺመቤት፦ ጽሑፉስ? ክታብ የሚያውቁ ሰው አሳይቼ "የሰው እጅ አይመስልም" ብለውኛል።

ምንተስኖት፦ ጃፓንኛ ነው! አንድ ጃፓናዊ መጥቶ አግኝቶት ስሙን ጻፈ። የሰው እጅ ነው፣ የጃፓን ሰው እጅ።

የሺመቤት፦ ጃፓናዊ ከዚያ ድረስ አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቶ የእኔን አበባ ሥር ዳበሰ።

ምንተስኖት፦ አሁን ሲነግሩኝ እኔም ግራ ይገባኛል። ግን እውነት ነው። ደግሞ በድብቅ አይደለም ያስቀመጥኩት። ሳይፈቀድ ሰው በር ላይ ማስቀመጥ ክልክል ስለሆነ ፈቃድ ጠይቄአለሁ።

የሺመቤት፦ ማንን?

ምንተስኖት፦ በሩን ስትጠርግ የነበረች ሴትዮ። ጥርሰ ፍንጭት ናት። "ይሁን፣ የሚፈልጉት ሰዎች ቢመጡ አይቀር ጸጉራቸውን ይሠሩ ይሆናል" ብላኝ ሳቀች።

የሺመቤት፦ ስመኝ ናት! አየህ? ትተዋወቃላችሁ! አየህ እውነቷ እንዴት እንደምትወጣ፣ አንድ በአንድ!

ምንተስኖት፦ አንድ ጊዜ ነው ያናገርኳት!

የሺመቤት፦ አንድ ጊዜ ይበቃል። አሁን አንተንም ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት አቀርብሃለሁ። ቆርቆሮውም አለ፣ ቆርቆሮውን የቀበረውም አለ። ደግሞ ለመሮጥ አትሞክር፤ እሪ ብል እዚህ የቆመው ሾፌር ሁሉ ነው የሚያንቅህ።

ምንተስኖት፦ እሺ። ቆይ… ቆይ። ልሩጥ አላልኩም። አንድ ነገር ላሳይዎትና ከዚያ እንደፈለጉ ያድርጉኝ። እዚህ ሰፈር ሌላም የተደበቀ ቆርቆሮ አለ። እኔ የደበቅኩት አይደለም፣ ማን እንደደበቀውም አላውቅም። ሁለቴ መጥቼ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ስልኩን እርስዎ ይያዙት፣ እርስዎ ይምሩ።

የሺመቤት፦ ወዴት ልትወስደኝ ነው?

ምንተስኖት፦ ያ መስታወት ፎቅ ጋ። መንገዱን መሻገር ነው።

የሺመቤት፦ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ምንተስኖት፦ የሴትዮዋም ትዳር እየሄደ ነው።

የሺመቤት፦ …በሩን ልቆልፍ። ፊት ፊቴን ሂድ። ክንድህን አምጣ፣ እይዘዋለሁ።

ምንተስኖት፦ ይያዙኝ። ስልኩ ላይ ያለችውን ቀስት ይከተሉ። አይ፣ መኪናውን ይዩ፣ እትዬ! ይኸው ተሻገርን። አሁን ምን ትላለች?

የሺመቤት፦ ወደ ግራ ትላለች። አሁን ደግሞ ወደኋላ። ምንድን ነው ይህ? አስፋልቱ መሃል ግቢ እያለችኝ ነው! ልታስገጨኝ ነው ያመጣኸኝ?

ምንተስኖት፦ ፎቆቹ ናቸው። ከሰማይ የሚመጣው ሲግናል መስታወቱ ላይ እየነጠረ ያሳስታታል። ሜዳ ላይ ቢሆን እዚያው ታደርሰን ነበር።

የሺመቤት፦ የምታመካኝበት አታጣም።

ምንተስኖት፦ ስልኩ ላይ ከታች ፍንጭ ተጽፏል፣ ያንብቡት።

የሺመቤት፦ "የደከመው ያገኘኛል።" ምን ማለት ነው?

ምንተስኖት፦ እሱን ነው ሁለቴ መጥቼ ያልገባኝ። ደረጃው ሥር አይቻለሁ፣ የቆሻሻ መጣያውን ዞሬዋለሁ፣ የአጥሩን ብረት አንድ በአንድ… ዘበኛው እንደ እብድ ነበር የሚያየኝ።

የሺመቤት፦ የለም አይደል? አውቄዋለሁ። ጉልበቴን በከንቱ ገደልከው። እዚህ አግዳሚ ላይ ልቀመጥ እስቲ፣ ከዚያ ቀጥታ ወንድሜ ቤት ነን።

ምንተስኖት፦ እትዬ… አይነሱ።

የሺመቤት፦ ምነው?

ምንተስኖት፦ የደከመው ሰው ምን ያደርጋል? ይቀመጣል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እጅዎን ከሥር ያስገቡ።

የሺመቤት፦ አንተ አስገባ!

ምንተስኖት፦ እኔ ካስገባሁ "ከእጅጌህ አወጣኸው" ይሉኛል። እኔ እዚያ ማዶ ሄጄ እቆማለሁ።

የሺመቤት፦ ቢነድፈኝስ? ቢያሳብደኝስ?

ምንተስኖት፦ መተት ከሆነ ማንን ሊያሳብድ ነው? አግዳሚውን?

የሺመቤት፦ በስመ አብ ወወልድ… ምንም የለም። ምንም… ቆይ። ቆይ፣ የሚቀዘቅዝ ነገር አለ። ተጣብቋል።

ምንተስኖት፦ ይሳቡት።

የሺመቤት፦ ወጣ። ፕላስተር አለው። ወረቀትም… በላስቲክ ነው የታሰረው።

ምንተስኖት፦ ይፍቱት። ምን ያያሉ?

የሺመቤት፦ ስም። የፈረንጅ ስም። "ሔኖክ" የሚልም አለ። ከሥሩ… ይህ… ይህ ያ ጽሑፍ ነው። ያው ራሱ።

ምንተስኖት፦ ጃፓናዊው ነው። ወደ እርስዎ በር ሲመጣ በዚህም አልፏል።

የሺመቤት፦ ስመኝ ነግራኝ ነበር። ሁሉንም ነግራኛለች። "አንድ ልጅ ለጨዋታ ብሎ አስቀምጦት ነው" ብላኛለች። የሥራ ልብሷን ከላይዋ ገፍፌ መንገድ ላይ ጣልኩት። ደንበኛ ሁሉ እያየ።

ምንተስኖት፦ እሷስ ምን አለች?

የሺመቤት፦ ልብሱን አንስታ አጥፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠችልኝ። በዚያን ጊዜ ንቀት መስሎኝ ይበልጥ ተናደድኩ።

ምንተስኖት፦ አሁንም አልረፈደም። ሽማግሌዎቹ ጋ ይሂዱና ይንገሯቸው። ከፈለጉ እኔም አብሬ እመጣለሁ።

የሺመቤት፦ አይ፣ አንተማ አትመጣም። ይኸው ስልክህ። ያኛው ቆርቆሮህም ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ውሰደው። ያየን ሰው አለ?

ምንተስኖት፦ እንዴት?

የሺመቤት፦ አለ ወይ ነው የምልህ? የለም። እኔ ሽማግሌዎቹ ፊት "ይቅር ብያታለሁ፣ ነገሩ ይቅር" እላለሁ። ወንድሜም አይፈታትም። እነሱም "የሺ ልበ ሰፊ ናት" ብለው ይመርቁኛል። ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

ምንተስኖት፦ ምን አድርጋ ነው ይቅር የሚሏት?

የሺመቤት፦ አንተ ልጅ ነህ፣ አይገባህም። በእኔ ዕድሜ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ "ተሳሳትኩ" ብል ሰፈሩ ምን ይለኛል?

ምንተስኖት፦ እሷንስ ምን ይላታል? ከዛሬ ጀምሮ ይቅር የተባለች መተተኛ ልትሆን ነው። ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የመተተኛ ልጆች ሊባሉ ነው።

የሺመቤት፦ ተወኝ አልኩ!

ምንተስኖት፦ እርስዎ ጉልበትዎን ይዘው እስከዚህ የመጡት እውነቱን ፈልገው ነበር። ይኸው፣ እጅዎ ላይ ነው። ስልክዎ እየጠራ ነው።

የሺመቤት፦ አየዋለሁ። ወንድሜ ነው።

ምንተስኖት፦ አያነሱትም?

የሺመቤት፦ …ሄሎ፣ ደጉ። እየመጣሁ ነው። ሁሉም ገቡ? አባ ገብረሕይወትም መጥተዋል? ስመኝስ? …በር ላይ? ለምን በር ላይ አቆማችኋት? …እኔ እስክመጣ? …አይ። አይ፣ ስማኝ፣ ደጉ። አስገባትና ለእኔ ባዘጋጃችሁት ወንበር ላይ አስቀምጣት። ቆሜ የምጠየቀው እኔ ነኝ።