ባኞ ውስጥ የተነጩ ዶሮዎች

ነይ ደጊቱዬ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። ያንቺም ልብስ ገና እየታጠበ ነው መሰለኝ። ይኼ ማድረቂያ ዛሬ እንዴት ይጮሃል እባክሽ! ድምፄ ከፍ ካለብሽ ለዚያ ነው፣ አትቀየሚኝ። እዚያ ጥግ አንሶላ የሚያጥፉትን እትዬን እንዳንረብሻቸው እንጂ ሌላ ምን አለብን? ከሱዳን ከመጣን ወዲህ ክላርክስተን ውስጥ ሰው የሚጫወተው ላውንድሪ ቤት ብቻ ሆኗል።

ወንድሜ ተክሌ? ደኅና ነው። እዚያው ወንዙ ዳር፣ የአትላንታ ፍሳሽ የሚጣራበት ቦታ ይሠራል። ከተማው ሁሉ ውሃ ለቅቆበት የሚረሳውን እነሱ አጥርተው ወደ ወንዙ ይመልሱታል፤ እስከ ባሕሩ ድረስ ያለ ሰው ይጠቀምበታል። ሥራ ነው እንግዲህ... ለሁሉም አይጥምም። አንዲት ወይዘሮ አሉ፣ ስማቸው ምን ያደርግልሻል፣ ንጽሕናቸው ለጉድ ነው! አምና ተክሌ ለልጃቸው ሽማግሌ ቢልክ፣ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን ሶፋ ወዲያው አስጠረጉት አሉ። “የሰው እዳሪ ሲያማስል የሚውል እጅ ልጄን አይነካም” ነበር መልሳቸው። ምን ይፈረድባቸዋል? እናት ናቸው፣ ለልጃቸው ያስባሉ።

እግዜርም አላሳፈራቸው፣ ኮሌጅ ፓርክ ሆቴል ውስጥ ክራባት አስሮ የሚሠራ ልጅ አመጣላቸው። ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሽማግሌ ይላካል ተባለ። ሽማግሌዎቹም እነዚያው ናቸው፤ እዚህ አገር ስንት ሽማግሌ ያለን መሰለሽ? አቶ ኃይለማርያም ያንኑ ለተክሌ የለበሱትን ኮት ለብሰው ሄዱ።

ወይዘሮዋ ደግሞ ባለሙያ ናቸው፣ ማን ይክዳል? የሱፐርማርኬት ዶሮ አይነኩም። ከታከር ወዲያ ካለ ገበሬ ነፍስ ያላቸው ዶሮዎች አስመጥተው፣ አሳርደው ባኞ ውስጥ ነጯቸው። ላባውስ? ምን ችግር አለ፣ በሙቅ ውሃ ሸኙት ወደ ታች። የተነጠረውን ቅቤ ዝቃጭም ሳይሰስቱ ለሲንኩ አጠጡት። ከዚያ በኋላ ቱቦው ምን ይሁን፣ እሱስ ሆድ የለውም?

ሽማግሌዎቹ “የመጣንበት ጉዳይ...” ብለው ገና ብድግ ሲሉ፣ ሽንት ቤቱ ቀድሟቸው ተናገረ። ወይኔ ደጊቱዬ፣ አታስቂኝ... ውሃው በኮሪደሩ ወጥቶ ካርፔቱን አልብሶ ሳሎን ከች! አቶ ኃይለማርያም ሱሪያቸውን ሰብስበው ያ የተጠረገው ሶፋ ላይ ወጡ። ባለክራባቱ ውጪ መኪናውን ፓርክ አድርጎ መልስ ይጠብቅ ነበር፤ ቢጠሩት በሩ ድረስ መጥቶ፣ አፍንጫውን በክራባቱ ይዞ ወደ መኪናው ተመለሰ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ልብሱን ይጠብቃል። የአፓርታማው ኦፊስ እሑድ ዝግ ነው። ታዲያ ልጅቷ ስልኩን አንስታ ደወለች። ለማን? እንጃ... ቁጥሩን ግን በቃሏ ታውቀዋለች አሉ።

ተክሌ የሥራ ቦቲ ጫማውን እንዳጠለቀ ደረሰ። በረጅም ሽቦ ቆርቁሮ ቆርቁሮ፣ ቅቤ የጠጣ ላባ እንደ ሹሩባ እየመዘዘ አወጣው። ልጅቷ ባትሪ ይዛ አበራችለት። ውሃው እልም ብሎ ሲወርድ ወይዘሮዋ ያንን እጅ፣ አዎ ያንኑ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው “እጅህ ይባረክ!” አሉት። ረስተውት ይሆናል፤ ሰው ሲጨንቀው ስንቱን ይረሳል። ሽማግሌዎቹም የመጡበትን ሳይናገሩ ወጡ።

ኧረ ደጊቱዬ፣ እትዬ እኮ ያችኑ አንድ አንሶላ አጥፈው ይፈቷታል፣ አጥፈው ይፈቷታል... ላግዝዎ እንዴ እትዬ? እሺ፣ ይቅር፤ የእኛ ቤት እጅ አይንካብዎ።

የት ደረስኩ? አዎ... ትናንት ማጣሪያው በር ላይ አንዲት ልጅ ምሳ ይዛ ተክሌን ስትጠብቅ አይቻታለሁ። የዶሮ ወጥ ነበር፣ ሙያው ከእናት የወረደ። በልተው ሲጨርሱ ያንን እጁን ይዛ መኪናዋ ድረስ ወሰደችው፣ ሳይታጠብ! አቶ ኃይለማርያምም ያንን ኮት ዛሬ ጠዋት ላጥብልዎ ብዬ ከእጃቸው ተቀብያለሁ፤ ይኸው እዚህ ማሽን ውስጥ እየተሽከረከረ ነው። ለመጪው እሑድ ይፈልጉታል። እናቲቱ ገና አልሰሙ ይሆናል... ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?

እኔ እንኳ ለእኚያ ወይዘሮ ክፉ አልመኝም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የልጅ ልጅ አቅፈው ለመሳም ያብቃቸው፤ የሚወለዱትም ሁሉ... እጃቸው ቁርጥ የአባታቸውን ይሁንላቸው። አሜን በይ እንጂ ደጊቱዬ። እትዬ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ።