ዘመድ የሌለው ዳኛ

የተሳፈርኩበት የጭነት ማኪና ጭልጋ ግድም ተበላሸና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በእግሬ ጠዋት ላይ ጓንግ ወንዝ ደረስኩ። በማግስቱ ጠዋት ጎንደር ላይ የሥራ ፈተና አለብኝ። ወንዙ ሞልቷል። በዚያ መልካ ሰው የሚሻገረው የወዲህና የወዲያ ዳር ዋናተኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲይዙት ነው። እነሱ ግን የአንዱ በሬ የሌላውን ወግቶ ስለገደለ ተጣልተው፣ የወዲያዎቹም ዋኝተው መጥተው ለእርቅ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። እርቅ ሳይወርድ እጅ አይያያዙም።

«እኔ ምን አገባኝ? እዚህ አገር ዘመድ የለኝም!» ብዬ ጮኽኩ።

አያ ደሴ የሚባሉት ሽማግሌ ብድግ አሉ። «በወዲህም በወዲያም ዘመድ የለህም? ሸጋ! ለማንም የማያደላ ዳኛ አጥተን ነው የተቸገርነው።» ጎትተው መሐል አስቀመጡኝ።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የሟቹን በሬ ጠባይ ሰማሁ፤ የእናቱ ጠባይ ሳይቀር ተነገረኝ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። «የገዳዩ በሬ ባለቤት ጥጃ ይስጥ! የሟቹም ባለቤት ይቀበል! እኔንም አሻግሩኝ!»

አንዱ ባለበሬ «እውነቱን ነው» አለ፤ ሌላውም ተነሣ፤ ሁለቱ ዳሮች እየተላቀሱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኔም ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ አያ ደሴ።

«ወደ ጎንደር ነዋ!»

«የእርቁ በግ ሳይበላ? ዘመድ እንዲህ ያደርጋል?»

«ዘመድ የለኝም አልኳችሁ እኮ!»

«እሱ ጠዋት ነበር» አሉና ቦርሳዬን ከእጄ ወስደው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት።