ራጁ ላይ የታየው ነጠብጣብ

እኔ ያን ቀን የደነገጥኩትን ድንጋጤ ለጠላቴም አልመኝ። እናቴን ጡቷን ቢያማት ከላሊበላ ደሴ ወሰድኳትና የጡት ራጅ ተነሳች። ባለሙያዋ ምስሉን ተጠግታ አየች። «ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ» ስትለኝ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ወዲያው ግን ወደ እናቴ ዞራ፣ «እማማ፣ ጡትዎ ላይ የተቀቡት ነገር አለ?» አለቻት።

«እምነት ነዋ ልጄ! ከይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም ያመጣሁት የተባረከ አፈር ነው። ሳልቀባ እመጣለሁ እንዴ?»

ባለሙያዋ ሳቋ አመለጣት። የእምነቱ ብናኝ ራጅ ላይ በሽታ እንደሚመስል ነገረችንና አሳጥባ ደግማ አነሳቻት። ነጠብጣቡ ድራሹ ጠፋ! ሐኪሙም ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም አሉን። ከበር ስንወጣ እናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን እምነት ፈታ ግንባሬን ቀባችኝ።

«እኔስ ደህና ነኝ» አለች፤ «እስካሁን የምትንቀጠቀጪው አንቺ ነሽ።»