ስማቸውን የማያውቋቸው ዳኞች

ዓርብ ከቀትር በኋላ ነበር። ኢልሃም ኩዌት ውስጥ ከሙባረክ አል-ከቢር ሰፈር ወደ አባሲያ የሚወስደውን አውቶብስ ተሳፍራ መቀመጫ ስትፈልግ፣ ከወደ መስኮቱ «አንቺ ልጅ፣ ወዲህ ነይ!» የሚል ድምፅ ሰማች። እትዬ ሰዒዳ ነበሩ።

እትዬ ሰዒዳ ሚሽሪፍ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት ምግብ አብሳይ ናቸው። ኩዌት ሲገቡ ጥቁር የነበረው ፀጉራቸው እዚሁ ሸብቷል። ኢልሃም ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ ሥራ ብታጣ ተሰድዳ የመጣች፣ ከሰው ፊት መናገር የሚያስፈራት ልጅ ናት። የመጀመሪያ አሠሪዎቿ አልሆን ብለዋት ሻንጣዋን ይዛ በወጣች ጊዜ፣ አባሲያ በጋራ ከተከራዩት ክፍል ፍራሻቸውን ያካፈሏት እኚሁ እትዬ ሰዒዳ ነበሩ። ስለዚህ ለእሳቸው እምቢ ማለት ከሁሉ ይከብዳታል።

«አልሀምዱሊላህ፣ አላህ ነው ያመጣሽ!» አሉ ቦርሳቸውን ከወንበሩ አንሥተው። «የወንድሜ ልጅ ሙሀጅር ለፌዴራል ዳኝነት ታጭቷል። የዕጩዎቹ ስም ወጥቶ ሕዝብ አስተያየት ይስጥ ተብሏል። የሴቶች ማኅበራችን ሰብሳቢ ውብነሽ ጽሑፍ ጀምራለች፤ አንቺ የሕግ ቃል ጣል ጣል አድርጊበትና ማኅበርተኛው ሁሉ እየቀዳ ይልከዋል።»

«ጽሑፉ ምን ይላል፣ እትዬ?»

«‹በዓይናችን ሥር ያደገ፣ ጨዋ፣ ለወገኑ ተቆርቋሪ ነው፤ ይሾምልን› ይላል።»

«ከማኅበርተኛው ውስጥ ሙሀጅርን በዓይኑ ያየው ማነው?»

«እኔ ማየቴ አይበቃም? የዒድ መልእክት ስንላላክስ አንዷ የጻፈችውን አይደለም ሁላችን የምንልከው?»

«የዒድ መልእክት ምስክርነት አይደለማ፣ እትዬ።»

እትዬ ሰዒዳ ወደ ኢልሃም ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ባለቤቴ ሲሞት ወንድሞቹ የቆለፉት የአዲስ አበባው ቤቴ፣ መዝገቡ ያለው የት ነው? እዚያው ሙሀጅር በሚሾምበት ፍርድ ቤት ነው። እኛ ጮኸን ካስገባነው ውለታችንን ይረሳል?»

«ቢሾምም የእርስዎን መዝገብ አያይም። ዘመድ ስለሆነ ሕጉ ከችሎቱ ተነሥ ይለዋል።»

«እሱ ቢነሣ ጓደኛው ይቀመጣል። ለጓደኛው ሹክ ማለት ያቅተዋል?»

«እሱማ ፍርድ አይሆንም።»

«ተዪኝ እስቲ! ትልልቆቹ የየራሳቸውን ሰው ሲያስገቡ ማን ተቆጣ? እኔ የቤት ሠራተኛዋ ስሆን ነው ሕግ የሚነበብብኝ?»

 እትዬ ሰዒዳ የተናገሩት ከነምሬቱ እውነት ነበረበት። በአገራችን የዳኛ ሹመት ሲነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነው? ከየት ነው?» ብሎ ነው፤ «ምን ያውቃል? ምን ሠርቷል?» የሚለው ጥያቄ ከኋላ ይመጣል፣ ካልተረሳ። አውቶብሱ አባሲያ ሲደርስ አብረው ወረዱ።

ማኅበሩ የሚሰበሰብበት ክፍል በሴቶች ሞልቶ ነበር። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ውብነሽ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትስቅ የደሴ ሴት፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ ጽሑፉን አነበበች። ከዚያም «ይኸው የሕግ ሰዋችን መጣች! ነይ እስቲ፣ አንቀጽ ምናምን ጨምሪና አስፈሪልን» አለች።

ኢልሃም ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ሁሉም ያያታል። እትዬ ሰዒዳም ያዩዋታል፤ የፍራሹን ውለታ የሚያስታውሱ መሰላት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይኼን መጻፍ አልችልም» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ምነው? ዘመድ ዳኛ ሲሆን ማየት ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለች ውብነሽ።

«ወንጀልስ አይደለም። ግን ዕጩውን የሚመርጠው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርበዋል፣ የሚሾመው ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ነው። እኛን የጠየቁን ስለ ጠባዩና ስለ ሥራው የምናውቀውን ነው። ሁላችን አንድ ዓይነት ቃል ብንልክ፣ ቅስቀሳ መስሎ ልጁን ራሱን ያስጠረጥረዋል።»

«ምክር ቤቱ እንደሆን የመጣለትን እጅ አውጥቶ ማሳለፍ ነው!» አለች ውብነሽ፤ ሴቶቹም ሳቁ።

«እሱን እኔ ከዚህ ሆኜ አላስተካክለውም፣ እትዬ ውብነሽ። የእኔ ድርሻ የራሴን ቃል አለማበላሸት ነው።» ኢልሃም ወደ እትዬ ሰዒዳ ዞረች። «እትዬ፣ አሠሪዎ ማዳም ‹አምባሬን ሰረቀችኝ› ብላ የከሰሰችዎት ጊዜ የፈረደልዎ ዳኛ የማን ዘመድ ነበር?»

 ያንን ታሪክ የማያውቅ አልነበረም፤ እትዬ ሰዒዳ ለእያንዳንዷ አዲስ መጪ ይነግሩታል።

«የማንም። ማለቴ የእኔ አይደለም» አሉ እትዬ ሰዒዳ። «ኩዌታዊ ነው። ሳለቅስ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ‹አምባሩን ስትወስድ ያያት ማነው?› አለ። ያየ የለም። ‹ልቀቋት› አለ። ስሙን እንኳ አላውቅም። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዱዓ አደርግለታለሁ።»

«የማዳም ዘመዶች ተሰብስበው ‹የእኛ ልጅ ነው› ብለው ያስሾሙት ቢሆን ኖሮስ?»

 እትዬ ሰዒዳ የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልሉ ጀመር።

«እኛ ለሙሀጅር ውለታ ጠያቂ ሆነን ከደወልንለት» አለች ኢልሃም፣ «የባልዎ ወንድሞችም ለሌላው ዳኛ ይደውላሉ። እነሱ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ የሚያውቁት ሰው ብዙ ነው። በስልክ ከሆነ የሚፈረደው፣ እኛ ገና ከዛሬው ተሸንፈናል። ከሰው ቤት የምትሠራ ሴት የሚጠቅማት የማንም ውለታ የሌለበት ዳኛ ነው።»

ይህን ያህል ረጅም ነገር ከሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። 

«ታዲያ ምን ልበል?» አሉ እትዬ ሰዒዳ በመጨረሻ፣ ቆጣ ብለው። «ስለ ልጁ የማውቀውን ከሆነ፣ የማውቀው እኔን ማዋረዱን ነው! ረዳት ዳኛ ሳለ ለእረፍት አገር ቤት ሄጄ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮዬን አቅርብልኝ ብዬ ብለምነው፣ ‹አክስቴ፣ ሁሉም ወረፋ ይጠብቃል፤ እርስዎም ይጠብቁ› ብሎ ከነሻንጣዬ መለሰኝ። የአባቱን እህት! እስካሁን ተቀይሜው ነው ያለሁት።»

ውብነሽ ልትስቅ ከንፈሯን አላቀቀችና ተወችው። እትዬ ሰዒዳም የተናገሩትን ራሳቸው እየሰሙ፣ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ቅያሜያቸው እንደዚያ ሲፈታ ያየችው ኢልሃም ብቻ ሳትሆን ክፍሉ ሁሉ ነበር።

«እንዲያው ... እንደዚያ ኩዌታዊ ዳኛ መሆኑ ነው እኮ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ጻፊ፣ ልጄ። እኔ የምልሽን ብቻ ጻፊ።»

ኢልሃም ጻፈች፦ «ሙሀጅር ይማም የወንድሜ ልጅ ነው። ረዳት ዳኛ ሳለ ቀጠሮዬን እንዲያቀርብልኝ ለመንሁት። ወረፋ ይጠብቁ ብሎ መለሰኝ። ተቀይሜው ነበር። ሰዒዳ።»

«ሰዒ፣ ይኼ ሙገሳ ነው ስሞታ?» አለች ውብነሽ።

«የሚመርጡት ይወቁት» አሉ እትዬ ሰዒዳ፤ ውብነሽም የጀመረችውን ጽሑፍ ከስልኳ አጠፋችው።

ከወራት በኋላ ሙሀጅር ተሾመ። ለአክስቱ ደውሎ መዝገባቸውን ማየት እንደማይችል ሊያስረዳ ሲጀምር፣ «አውቃለሁ፤ የሕግ ሰው አለችን» ብለው አሳጠሩት። ጉዳያቸውን የያዘችው ከየት እንደመጣች የማያውቋት ሴት ዳኛ ናት። የወኪላቸውንም የባላቸውን ወንድሞችም ቃል እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ የቤቱ ግማሽ በጋብቻ ያፈሩት ሀብት ስለሆነ የእትዬ ሰዒዳ፣ ግማሹ የሟች ወራሾች ነው ብላ ፈረደች።

ዜናው የደረሳቸው ዓርብ ዕለት አባሲያ ነበር። በዚያ ክፍል አሁን ኢልሃም ሴቶቹ ከፍርድ ቤትና ከአሠሪ ጋር ያላቸውን ጥያቄ እያዳመጠች የምታውቀውን ትነግራቸዋለች፤ ድምፅዋ አሁንም ቀጭን ነው፣ ግን አይቋረጥም።

«ግማሽ ብቻ?» አለች ውብነሽ።

«እኔስ ሙሉውን ነበር የፈለግሁ» አሉ እትዬ ሰዒዳ። «ግን ይኼን ግማሽ በዘመድ ነው ያገኘችው ብሎ የሚነሣብኝ የለም። ነገ ሌላ ሹም ቢመጣም፣ የእኔው ነው። ተመስገን።»

ሰላት ሲደርስ ምንጣፋቸውን አነጠፉ። ሲጨርሱም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው ያንን ኩዌታዊ ዳኛ አነሡ፤ ቀጥለውም የአዲስ አበባዋን።

«ስማቸውን አላውቅም፣ ያ ረቢ» ሲሉ ኢልሃም ሰማቻቸው፤ «አንተ ታውቀዋለህ።»