መሪጌታ ወልደኢየሱስ ማሩና የሰንበቴው ዘጠነኛ አንቀጽ

የተወደዳችሁ ዘመዶች፣ የደብሩ ካህናት፣ ከወገራ ገስግሳችሁ የደረሳችሁ ወገኖች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው መሪጌታ ወልደኢየሱስ ማሩ ሐሰትን አጥብቀው የሚጠሉ ሰው ነበሩና፣ ያላደረጉትን እንዳንጨምርላቸው፣ ያደረጉትንም ለቅሶ ነው ብለን እንዳንሸሽግላቸው አምላክ ይርዳን።

መሪጌታ ከአባታቸው ከአቶ ማሩ ተክለ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይመኙሽ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1898 ዓ.ም. ከዳባት በላይ ባለው ደጋ ተወለዱ። አባታቸው ገብስ አራሽ ነበሩና ልጃቸውን ለሞፈር ቢመኙም፣ እናታቸው ገና በሆዳቸው ሳሉ ለቤተ ክርስቲያን ተስለዋቸው ስለ ነበር፣ ነገሩ ጥቂት ካከራከረ በኋላ የእናትየው ስለት ረታ። ንባቡን በአጥቢያቸው፣ ዜማውን በጎንደር፣ ቅኔውን ጎጃም ተሻግረው ከተማሩ በኋላ ወደ ቁም ጽሕፈት አዘነበሉ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የሚጽፉት ፊደል ከመቶ መጽሐፍ መካከል ተለይቶ የሚታወቅ ሸጋ ፊደል ነበር። በጠላት ዘመን የደብሩን መጻሕፍት ወደ ደጋው አሽሽተው ጠብቀው፣ ነጻነት ሲመለስ አንድም ቅጠል ሳይጎድል መልሰዋል።

በ1935 ዓ.ም. ወይዘሮ እንኳየሁ በላቸውን በተክሊል አግብተው፣ እኒያ ደግ ሴት በ1958 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በፍቅርም በኩርፊያም አብረው ኖረው ሦስት ልጆች አፈሩ። ኩርፊያውን ያነሳነው መሪጌታ እልኸኛ እንደ ነበሩ የማያውቅ እዚህ ስለሌለ ነው።

ባገቡበት ዓመት ጦርነት የበተነው የዚህ ደብር ሰንበቴ እንደ ገና ሲቋቋም፣ ደንቡን በግእዝ አርቅቀው በብራና የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ወይ ያ ዘመን! ከቅዳሴ በኋላ ባለተራው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፣ ድሀም መንገደኛም አብሮ ይቀምሳል፣ የተጣላም ሳይታረቅ ከደጁ አይወጣም ነበር። በዓመት አንድ ቀን መሪጌታ ደንቡን በዚያ በሚያምር ዜማቸው ሲያነቡት አባሉ ሁሉ ቆሞ፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ ጎንበስ ብሎ አሜን ይል ነበር። ትርጉሙን የጠየቀ አልነበረም፤ ዜማው ጣፋጭ ስለ ነበረ ሰው ሁሉ ምርቃት መስሎት ኖረ።

በ1955 ዓ.ም. ባላቸው የሞተባቸው ወይዘሮ አባይነሽ ችግር ጠንቶባቸው ሦስት ጊዜ ተራቸውን ሳያደርሱ ስለ ቀሩ፣ መሪጌታ በደንቡ መሠረት ስማቸውን ከብራናው ፋቁት። ከሰንበቴ የተፋቀ ሰው ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ሬሳውን የሚሸከምም አይታዘዝለትም። ወይዘሮ አባይነሽም ረሀቡንስ እችለዋለሁ፣ ቀባሪ ማጣቱን ግን እንዴት ልቻለው እያሉ በየደጁ አለቀሱ።

በሰንበቴው ወግ ሙሴ የሚባሉት ሰብሳቢ፣ አያ ዳኛው፣ ደንቡ በአባላቱ ሁሉ ምክር ይታደስ ብለው ተነሡ። መሪጌታ የአባቶች ሥርዓት አይነካም ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ አያ ዳኛው ግን ምነው መሪጌታ፣ የጻፉት እርስዎ፣ አባቶች የሚሉት ራስዎን ነውን ቢሏቸው፣ እያጉረመረሙም ቢሆን ብራናውን አወጡ። ከዚያም አሥር እሑድ ሙሉ አንቀጹ በአማርኛ እየተተረጎመ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ወጣቱም አዛውንቱም ሐሳቡን እየሰጠ ተመከረ።

ዘጠነኛው አንቀጽ የደረሰ ዕለት፣ ተራውን ሦስት ጊዜ ያላደረሰ ይፋቅ፣ ቀባሪም አይታዘዝለት ተብሎ በአማርኛ ተነገረ። ከደጅ ሆነው እንዲሰሙ የተፈቀደላቸው ወይዘሮ አባይነሽ፣ እንግዲያ ሃያ ዓመት ጎንበስ ብዬ አሜን ያልሁት ለገዛ መባረሬ ኖሯል ወይ አሉ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ኋላ ግን እያንዳንዱ የራሱን አሜን እያስታወሰ አቀረቀረ።

ሴቶቹ በወንዶች ፊት እጅ ማውጣት ስላፈሩ፣ ከመጋረጃ ጀርባ እንስራ ተቀምጦ ይሻሻል የሚል ባቄላ፣ አይነካ የሚል ሽምብራ እንዲጥል ተወሰነ፤ እህሉ ጥሬ ይሁን ያሉትም አያ ዳኛው ናቸው፣ ቆሎ ከሆነ ድምፁ በመንገድ ተበልቶ ያልቃል ብለው። እንስራው ሲገለበጥ አርባ ስድስት ባቄላና አንዲት ሽምብራ ወጣች። የማን እንደ ሆነች የጠየቀም፣ የጠፋውም ሰው አልነበረም።

መሪጌታ የተረቱበትን አንቀጽ ሌላ ይጻፈው አላሉም። በሕመም ወይም በችግር ተራውን ማድረስ የተሳነውን ማኅበሩ ተራውን ያድርስለት፣ ስሙም አይፋቅ፣ ሲሞትም እንደ ማንኛውም አባል ይቀበር ብለው፣ ሁሉም በሚገባው አማርኛ፣ በሕይወታቸው ከጻፉት ሁሉ በሚያምረው ፊደል ጻፉት። ብራናውን ይዘው ወይዘሮ አባይነሽ እስከሚኖሩበት እስከ ፀዳ በእግራቸው ወርደው ካነበቡላቸው በኋላ፣ እኔን ይማሩኝ ብለው ከጉልበታቸው ሥር ወደቁ። ይህን እርሳቸው ለማንም አልተናገሩም፤ የነገሩን ወይዘሮ አባይነሽ ናቸው።

ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ ቀኝ እጃቸው በድን ሆነ። ልጆቻቸው በሩቅ አገር ነበሩና ተራቸው ሲደርስ መሪጌታ ቤት የሚጋገር ዳቦ አልነበረም። አባላቱ ዳቦውን ጋግረው በእርሳቸው ስም ሲያቀርቡ፣ እኒያ ኩሩ ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ፤ ለአያ ዳኛውም ያችን ሽምብራዬን ከእንስራው አውጡልኝ አሏቸው። በአራት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ተራቸው ደርሶ ዘጠኝ ጊዜ ተደረሰላቸው፤ አምስቱን የጋገሩት ወይዘሮ አባይነሽ ናቸው። ትናንት ዓርብ፣ በ1963 ዓ.ም. የጥቅምት ጽጌ ሳይወጣ፣ ተናዝዘው፣ ቆርበው በሰላም ዐረፉ።

አሁን የተቀመጣችሁበት ድንኳን የተተከለው፣ ሬሳቸውንም ከቤት እስከዚህ ያደረሱት አርባ ስድስት ሰዎች የታዘዙት በዘጠነኛው አንቀጽ ነው። መሪጌታ እንደ ፈለጉት ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ቀባሪ የሌላቸው እርሳቸው ነበሩ።

መሪጌታ ልጆቻቸውን ሐብተ ማርያምን፣ ወለተሩፋኤልንና አበቡን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ አመተ ሥላሴን፣ የረቷቸውንም የሰንበቴ ወንድሞችና እኅቶች ትተው ሄደዋል። ጌታ ሆይ፣ የአገልጋይህን የወልደኢየሱስን ነፍስ ተቀበላት፤ ተራውን ያላደረሰውን ሁሉ አንተው አድርስለት፣ ስሙንም አትፋቅ። ይህ ምርቃት መሆኑን ሁላችንም ሰምተነዋልና፣ አሜን በሉ።