የተሸሸገ መርዶ

የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ አምስተኛ ዓመቱ ነበር። አይዳ ሊባኖሳዊ አባቷ ሲሞቱ የካርቶን ፋብሪካቸውን ወርሳ ከአጎቷ ጋር ትመራ ጀመር። እናቷ ኢትዮጵያዊት ስለነበሩ እስከ አሥራ አምስት ዓመቷ በእሳቸው እጅ አዲስ አበባ አድጋ፣ ከዚያ ወደ አባቷ መጣች። ቤይሩት ግን ምሳዋን እንኳ ቢሮዋን ዘግታ ብቻዋን ነበር የምትበላው።

አንድ ማለዳ ከቤይሩት ወጣ ብሎ አንጠልያስ በሚባለው ሰፈር፣ ከፋብሪካው አጥር ሥር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ሽታዬ ጥቁር ሻሻቸውን ፈትተው ቦርሳቸው ውስጥ ሲደብቁ ደረሰችባቸው።

«እትዬ ሽታዬ፣ ማን ሞተብዎ?»

«የእኔ አይደለም ልጄ፤ ያኒ… ማለቴ የከሪማ እናት ናቸው። ወንድሟ ከደሴ ደውሎልኝ ነው። ከሞቱ ወር ሊሞላቸው ነው።»

ከሪማ ከፋብሪካው ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አንዷ ነበረች። «ከሪማ አልሰማችም?» አለች አይዳ።

«በሰው አገር መርዶ ይነገራል እንዴ! ኮንትራቷን ጨርሳ፣ አገሯ ገብታ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ትረዳለች። ወጉ ይኸው ነው። ደግሞ ማሽን ላይ ናት፤ ደንግጣ እጇን ብታስበላስ?»

«ትናንት እኮ ለእናቷ የምትልከውን የድምፅ ካሴት ስትቀዳ አይቻታለሁ።»

«እኔንም ሰላምታ ጨምሪ ብላኝ፣ ‹እንደምን ከረሙ እመይቴ› ብያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ለርኅራኄ የተጀመረ ወግ ጊዜው ሲያልፍ ወደ ጭካኔ እንደሚዞር አይዳ ከራሷ ታውቃለች።

«እናቴ አዲስ አበባ ሲሞቱ አባቴ እዚህ ስምንት ወር ደበቁኝ» አለች። «ስምንት ወር ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። በተነገረኝ ቀን ሰው ሁሉ ልቅሶውን ጨርሶ ነበር። አብሮኝ የሚያለቅስ አጣሁ፤ ከዚያ በኋላ አባቴንም ማመን አቃተኝ።»

እትዬ ሽታዬ ቦርሳቸውን ዘግተው፣ «እሺ፣ ይነገራት። ‹የእናቴን መቃብር ልይ› ብትልሽስ? ፓስፖርቷ በእናንተ ካዝና ተቆልፏል። መሄድ ለማትችል ሰው መርዶ መንገር አስሮ መግረፍ ነው» አሏት።

አይዳ አፈረች። ‹ሠራተኞቹ ይጠፋሉ› ብሎ አጎቷ ፓስፖርቶቹን ሲሰበስብ እሷም ፈርማ ነበር። «እውነትዎን ነው። ቁልፉ እኔም ዘንድ አለ» ብላ ወደ ቢሮ ወጣች።

የከሪማን ፓስፖርት ከካዝናው ስታወጣ አጎቷ «አገሯ ሄዳ ካልተመለሰችስ?» አላት።

«ካልተመለሰች ሌላ ሰው እንቀጥራለን፣ አሞ» አለች አጎቷን በአረብኛ ጠርታ።

«ሁሉም ፓስፖርቴን ቢሉስ?»

«ይውሰዱ። የራሳቸው ነው፤ ኸላስ፣ አለቀ!»

የከሪማ ማሽን ቆመ። እትዬ ሽታዬ ትከሻዋን አቅፈው ነገሯት። «ኢና ሊላሂ…» ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስታለቅስ ቆይታ፣ «እትዬ፣ አብረውኝ ካሴት ሲቀዱ ያውቁ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አውቅ ነበር። ያዘንኩልሽ መስሎኝ ነበር፤ ሐዘንሽን ነው የቀማሁሽ» አሉ።

ሴቶቹ መዝረዓ በሚባለው የቤይሩት ሰፈር፣ በእትዬ ሽታዬ የኪራይ ክፍል፣ ሦስት ቀን ለልቅሶ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ፋብሪካ መርዶ በመጣበት ቀን ይነገራል፤ ፓስፖርትም በባለቤቱ እጅ ይቀመጣል። ከሪማ ደሴ ደርሳ በሁለተኛው ወር ተመለሰች። የአይዳ አጎት የፈራው አልደረሰም፤ እንዲያውም ሠራተኛው ጌቶቹን ማመን ጀመረ። ሐዘን በጊዜው ሲያለቅሱለት ይቀላል፤ የደበቁት ግን ሰውን ከሰው ይለያል።

አይዳም ሦስቱን ቀን ምንጣፉ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ሊበተኑ ሲነሡ ከሪማ፣ የእናቷን ነገር ከእትዬ ሽታዬ ሰምታ ነበርና፣ የአይዳን እጅ ያዘችና፣ «ስለ እናትሽም አላህ ሶብር፣ መጽናናቱን ይስጥሽ» አለቻት። እናቷ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ በእናቷ ቋንቋ ያጽናናት ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።