ከአቡ ሃሙር የሸካን ደን የጠበቁት አቶ ዮናታን በቀለ

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የወንድማችንን አስከሬን ዛሬ ወደ አገር ቤት ከመሸኘታችን በፊት የኖሩትን ሕይወት በጥቂቱ እንዳነብላችሁ ባለቤታቸው በስልክ አደራ ብለውኛል።

አቶ ዮናታን በቀለ ከአባታቸው ከአቶ በቀለ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሰረት ገብሬ በ1974 ዓ.ም. በሸካ ዞን ማሻ አካባቢ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው ጨርሰው በደን ሙያ በዲፕሎማ ከተመረቁ በኋላ፣ በትውልድ ወረዳቸው ዛፍ ሲለኩና ከገበሬው ጋር የደን ወሰን ሲያካልሉ ዓመታት አሳለፉ። በ1999 ዓ.ም. ከወይዘሮ ርብቃ ዘርሁን ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ፀደንያን ወለዱ።

በ2006 ዓ.ም. ወደ ዶሃ መጥተው በአንድ የቅየሳ ድርጅት በሾፌርነት ተቀጠሩ። መሐንዲሶቹን በረሃ አድርሰው መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍተው መጠበቅ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ወርደው ከሰማይ ፎቶ የሚያነሣው ድሮን ሲነሣና ሲያርፍ እያዩ፣ ፎቶዎቹ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚገጣጠሙ እየጠየቁ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሹግላቸውን፣ ማለትም ሥራቸውን፣ ከመሪ ወደ ኮምፒውተር አዛወሩ።

በ2013 ዓ.ም. የአገራቸው የደን ጥበቃ ማኅበር ድሮን አግኝቶ ፎቶውን የሚያቀናብርለት ሲያጣ፣ “ለእኔ ላኩት” አሉ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ በዕረፍት ቀናቸው ከአምልኮ መልስ፣ በዶሃው አቡ ሃሙር ሰፈር ከአቶ ይሁን ጋር በሚጋሩት ክፍል ተቀምጠው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ወደ አንድ ካርታ ያገጣጥሙ ነበር፤ ከአምናው ጋር አስተያይተውም ዛፍ የጎደለበትን በቀይ ከብበው ይልኩ ነበር።

በ2015 ጥቅምት ካርታው ጥቅጥቅ ባለው ደን መካከል ሁለት ሄክታር ገላጣ አወጣ። ቦታው ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ መላኩ የቡና ማሳ ጋር የተያያዘ ነበር። አቶ ይሁን ደንግጠው፣ “ያላ፣ ይህችን ተዋት፤ ማን ያውቃል?” ቢሏቸው፣ “የጎረቤቱን ሁሉ አሳይቼ የወንድሜን ልደብቅ?” ሲሉ መለሱ። ወንድማቸው ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ግን አስቀድመው ራሳቸው ደወሉ። አቶ መላኩ፣ “ኳታር ተቀምጠህ ትሰልለኛለህ?” ብለው ስልኩን ዘጉባቸው፤ ማኅበሩም ካርታው ሲደርሰው አቶ መላኩን ከአባልነት አገዳቸው። በዚያን ወራት ዮናታን በመዝሙር መካከል አንገታቸውን ደፍተው ሲያለቅሱ ያየን ብዙዎች ነን።

በ2016 ሰኔ ለዓመት ፈቃድ አገር ቤት ሲገቡ ችግኝ አስጭነው ወደዚያው ገላጣ ሄዱ። ሁለት ቀን ብቻቸውን ቆፈሩ። በሦስተኛው ቀን አቶ መላኩ አካፋ ተሸክመው መጡ፤ ስለ ካርታው ሳይነሣ እስከ ምሳ ጎን ለጎን ከቆፈሩ በኋላ፣ “በቃህ፣ ቤት ሄደን እንብላ” አሏቸው። ወሩን ሙሉ አብረው ተከሉ።

አምና የጉበት ካንሰር እንደያዛቸው ሲነገራቸው፣ ሥራው እንዳይቋረጥ ሁለት የማኅበሩን ወጣቶች በቪዲዮ ማስተማር ጀመሩ። ወጣቶቹ የዘንድሮውን ካርታ በራሳቸው ሠርተው ሲልኩላቸው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው አንድ ስህተት አገኙበት፤ ታርሞ ሲመለስም “ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ችላችኋል” ብለው ላፕቶፑን አጠፉ። ባለፈው ማክሰኞ በአርባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ርብቃ፣ ልጃቸው ፀደንያ፣ እናታቸው ወይዘሮ መሰረት፣ ዛሬ አስከሬናቸውን ሊቀበሉ አዲስ አበባ የገቡት ወንድማቸው አቶ መላኩ፣ እንዲሁም ይህ ኅብረት በኀዘን ቀርተዋል። የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን በሰላሙ ያኑርልን፤ ለቀሩትም ማጽናናቱን ያብዛላቸው። አሜን።